የኦንላይን ትምህርትን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስተማር ይቻላል ወይ?

ባለፈው እሑድ ማታ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። እስከ ሐሙስ ማታ 23 መልስ መጣ። አንዳንዱ ረዥም ነው። አንዳንዱ ቁጣ አለበት። አንዳንዱ ደግሞ ከጉዳዩ ወጥቶ ሌላ ሰፈር ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ እንዳቃታቸው ስለነገሩኝ በየቁጥሩ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ስለ ውጭ አገር ሲወራ ዓመቱ በፈረንጆቹ፣ ስለ አገራችን ሲወራ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

አዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ስለ ኦንላይን ትምህርት የሚያስተምር ኮርስ ተሰጠኝ። ትምህርቱ እንዴት ይነደፋል፣ እንዴት ይሰጣል፣ ተማሪው እንዴት ይመዘናል፣ እነዚህን ነው የምናየው። ተማሪዎቼ 31 ናቸው። አብዛኞቹ ራሳቸው መምህራን ስለሆኑ የሚማሩት ቅዳሜና እሑድ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቦሌ አራብሳ ይመጣሉ። አንዱ ከሰበታ ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ ሦስት ታክሲ ይቀያይራል።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ በዙም ሞከርኩት። ከ31 ውስጥ 19 ገቡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እኔ ቤት መብራት ሄደ። በስልኬ ዳታ ተመልሼ ስገባ 11 ሰው ቀርቶ ነበር። ከ11ዱ ለስንቱ እንደምሰማ እንኳ አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ክፍል ሰብስቤ ስለ ኦንላይን ትምህርት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ያኔ ነው ልቤ እምቢ ያለው። ምጣድ ሳይጥዱ እንጀራ አጋገር ማስተማር ሆነብኝ።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ይህን ኮርስ ክፍል ውስጥ ልስጠው ወይስ በኦንላይን? በኦንላይን ከሆነስ መብራትም ኔትወርክም በማያስተማምኑበት ሰፈር እንዴት? እግረ መንገዴን ኦንላይን ትምህርት የተጀመረው በ2012 በፈረንጆቹ፣ ለሁሉም ክፍት በሆኑት ትልልቅ ነፃ ኮርሶች እንደሆነ ጽፌ ነበር። ለዚህም ዋጋዬን አግኝቻለሁ፣ ከታች ታዩታላችሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ብዙ ዘመን ካስተማሩ አንድ አባት ነው። ኮርሱ ለእኔ በመሰጠቱ ደስታቸውን ገለጹና ሁለት ነገር እንዳላደባልቅ መከሩኝ። በእኛ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መምህሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ስልኩ ዞረ። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሆጅስ የተባለ ምሁርና ባልደረቦቹ ለዚህ ሩጫ ለብቻው ስም አወጡለት፤ ድንገተኛ የርቀት ማስተማር አሉት። ከኦንላይን ትምህርት ሊለዩት ፈልገው ነው። ኦንላይን ትምህርት አስቀድሞ ታስቦበት፣ ወራት ተወስዶበት የሚዘጋጅ ነገር ነው። እኚህ አባት እንዳስቀመጡት፣ ጎርፍ ሲመጣ ሮጦ የሚወጡበት ጉብታና ተመርጦ ቤት የሚሠራበት ቦታ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ኦንላይን ትምህርት አይረባም የሚለው ጉብታውን አይቶ እንደሆነ ጨመሩ። ይህ ነገር ውስጤ ገባ። የእኔም የመጀመሪያ ቅዳሜ ሩጫ ነበር።

መልስ 2

እርማት ነው። በፈረንጆቹ 2012 የተጀመረ ነገር እንደሌለ፣ ያ ዓመት ነገሩ ዝነኛ የሆነበት እንጂ የተወለደበት እንዳልሆነ ጻፈ። በ2008 ካናዳ፣ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ አንድ ኮርስ ከፍተው ነበር። ከፍለው የተመዘገቡት ተማሪዎች 25 ሲሆኑ በነፃ ከውጭ የተከታተሉት ግን ከ2 ሺህ በላይ ነበሩ። ለሁሉም ክፍት ለሆኑ ትልልቅ ኮርሶች ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። የሚገርመው ደግሞ የኮርሱ ርዕስ ራሱ ሰው በመረብ ተገናኝቶ እንዴት እንደሚማር ነበር። ከዚያ በፊትም የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ ተማሪ ተቀብሎ በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስተምር እንደነበር አስታወሰኝ። ትክክል ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ስለ ኦንላይን ትምህርት የሚያስተምር ኮርስ በኦንላይን መስጠት ቀድሞም የተሠራ ነገር መሆኑን ያወቅኩት በዚህ እርማት ነው።

መልስ 3

ይህ ከሰንዳፋ ነው። ፈረንጅ አገር ምን አስኬደን፣ እኛስ ፕላዝማ አልነበረንም ወይ በሚል ስሜት ጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ ወይም የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ለክፍሉ መምህር የሚቀረው መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ሰው ያኔ አዲስ መምህር ነበር። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ በእሱ ኪስ እንደነበረ፣ በየክፍለ ጊዜው ከፍቶ ዳር ላይ ይቆም እንደነበረ ተረከ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። ልጆቹ ጥያቄውን እንኳ ጽፈው አልጨረሱም። እስክሪብቶው እንደተነሳ ቀጣዩ ይመጣል። መብራት ሲሄድ ደግሞ 60 ልጅ በአንድ ጊዜ ዞሮ እሱን ያየዋል። እሱ ማስተማር ይጀምር የነበረው ያን ጊዜ እንደነበር ጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የጎደለው ስክሪን አልነበረም፣ የሚጠብቅ ሰው ነው።

መልስ 4

በመልስ 3 ላይ ተቆጣ። እሱ በዚያው ዘመን ተማሪ ነበር። የፊዚክስ መምህራቸው በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ ትልቅ ነገር እንደነበር፣ ፕላዝማው ባይኖር ኖሮ ፊዚክስ የሚባል ነገር ሳይሰማ ይወጣ እንደነበር ጻፈ። መምህራን ፕላዝማን የሚጠሉት ሥራቸውን ስላሳየባቸው ነው ብሎም ጨመረ። ቃሉ ሻካራ ነው። ግን እውነት የለውም ማለት አልችልም። ጥሩ መምህር ባለበት ክፍል ስክሪኑ እንቅፋት ሊሆን ይችላል፣ መምህር በሌለበት ግን ብቸኛው ጓደኛ ነው።

መልስ 5 እና 6

ሁለቱም ከርዕሱ ወጡ። አንዷ ከመገናኛ ወደ ቱሉ ዲምቱ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ይገኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላው በቃሊቲ ዞራ እንድትመጣ መከራት፤ ስለ ሰልፉም ብዙ ጻፈ። ቢሆንም አልፌው መሄድ አልፈልግም። ተማሪዎቼ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ግማሽ ጉልበታቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለ ኦንላይን ትምህርት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ እዚህ ዳር ላይ የታክሲ ጥያቄ ነው።

መልስ 7

ቡራዩ ከሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ የመጣ ነው። ከሁሉም የጠቀመኝ አንዱ ይህ ነው። ዙምን ተይው አለኝ። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ክፍል ከግማሽ ጊጋ በላይ ዳታ ይበላል፣ ሰው ሲበዛ ከዚያም ያልፋል። የ10 ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ሲላክ ግን ከ2 እስከ 3 ሜጋ ብቻ ነው። በአንድ የዙም ሰዓት ዳታ ወደ 200 የሚጠጋ የ10 ደቂቃ ድምፅ ይወርዳል ማለት ነው። ድምፁን በአጭር በአጭሩ እንድቆርጠው፣ ከድምፁ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ እንድልክ፣ ጽሑፉን ፎቶ አንስቼ ሳይሆን ታይፕ አድርጌ እንድልክ ነገረኝ፤ ፎቶው ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ከባድ ፋይል ካለ በሌሊት ፓኬጅ እንዲያወርዱት አስቀድሜ ቀን እንድሰጣቸው ጨመረ። ሙድል የሚባለውን የኦንላይን ኮርስ መስጫ መጠቀም እንደምችልም አልካደም። ግን ሰው ሁሉ ያለበት ቦታ ቴሌግራም ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ እንዳገኛቸው መከረኝ።

መልስ 8

ይህ የራሴ ነው። የመልስ 7ን ምክር በማግስቱ ሞከርኩት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ልጆች ሲተኙ ወንበሬን በቁም ሳጥኑና በአልጋው መሀል አስገባሁ። ጋቢ ከነራሴ ተከናነብኩ። ከውጭ ውሻ ይጮሃል፣ ጋቢው ግን ድምፁን ያፍነዋል። ውስጡ ይሞቃል፣ ማስታወሻዬ የሚታየኝ በስልኩ ብርሃን ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ 9 ደቂቃ ቀዳሁ።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ተማሪዬ በድምፅ ጥያቄ ላከልኝ። ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው ያዳመጠኝ። ከኋላው ረዳቱ ሲጣራ ይሰማል። ጥያቄው ግን ክፍል ውስጥ ጠይቆኝ የማያውቀው ዓይነት ነበር። ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ነው። ይህንን በደስታ ለሁሉም ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ እንደሰጠኋቸውም ነገርኩ። እያንዳንዳቸው ለሚያስተምሩት ክፍል አንድ አጭር ትምህርት በድምፅ ያዘጋጃሉ፣ ይልኩልኛል።

መልስ 9

ከክሩ (ከመልሶቹ ሰንሰለት) ሁሉ ዕንቁው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፈችው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ናት። ስለ ማይክል ሙር አስረዳች። ይህ የርቀት ትምህርት ምሁር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምር የነበረው ነገር፣ በመምህርና በተማሪ መሀል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ነው። የሚለካው በንግግሩ ነው። ኮርሱ ድርቅ ያለ ሆኖ የመነጋገሪያ ቀዳዳ ከሌለው ርቀቱ ይሰፋል። ንግግር ሲበዛ ይጠባል። ርቀቱ በሰፋ ቁጥር ተማሪው ብቻውን የሚሸከመው ነገር ይጨምራል። በዚህ ሚዛን 200 ሰው ባለበት አዳራሽ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ገላን ሆኖ ከመምህሩ ጋር በድምፅ ከሚመላለሰው ይልቅ ሩቅ ነው። በ1989 ደግሞ ሙር ሦስት ዓይነት ግንኙነት ለይቶ አስቀመጠ፤ ተማሪ ከትምህርቱ ጋር፣ ተማሪ ከመምህሩ ጋር፣ ተማሪ ከተማሪ ጋር። እኔ ያሰብኩት ስለ መጀመሪያው ብቻ እንደነበር በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ።

መልስ 10 እስከ 12

እዚህ ነገሩ ተካረረ። ከሱሉልታ የጻፈ ሰው መልስ 9ን አልወደደውም። ንድፈ ሐሳብ መብራት አያመጣም አለ። በሰኔ 2012 ማብቂያ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ የትኛው ምሁር ደረሰልን ብሎ ጠየቀ። የፈረንጅ ስም መደርደር ዕውቀት እንዳልሆነ በመናገር ጨረሰ። በመልስ 11 ባለሙያዋ ተመለሰች። ቅር መሰኘቷ ያስታውቃል። መብራት መቋረጡን እሷም በየቀኑ እንደምትኖረው፣ ስሟን ሳይሆን ሐሳቧን እንዲሞግት ጠየቀችው። ንግግር ማለት የግድ ኢንተርኔት ማለት እንዳልሆነም አስረዳች፤ የስልክ ጥሪም ንግግር ነው፣ ማስታወሻ የተጻፈበት ወረቀትም ንግግር ነው። በመልስ 12 አድሚኑ ሁለቱንም በትህትና አሳሰበ።

የሱሉልታውን ሰው ግን ማለፍ አልፈልግም። ቁጣውን ትተን ስናየው የያዘው ነገር ትልቅ ነው። መረቡ ለሳምንታት ቢጠፋ ምን እናደርጋለን የሚል ምዕራፍ ውጭ አገር በተጻፈ የኮርስ አውትላይን ውስጥ የለም። የእኔ ውስጥ ይገባል።

መልስ 13

ይህችን ሴት አላውቃትም፣ ግን ልቤን ነካችው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ሁለት ልጆች አሏት፣ ቀን ትሠራለች። ከአንድ ተቋም በኦንላይን እየተማረች ነው። የምታጠናው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። የስልኳ ባትሪ ስላረጀ፣ የቻርጀሩ ገመድም አጭር ስለሆነ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ሶኬቱ ሥር ካርቶን አንጥፋ ትቀመጣለች። ኦንላይን ባይኖር ኖሮ መማር የሚባል ነገር እንደማታስበው በግልጽ ጻፈች። ክፍል ግቢ ቢሏት አትችልም።

ቅሬታዋ ሌላ ነው። አሳይመንት ታስገባለች፣ መልስ አይመጣም። አንዱን ካስገባች ሁለት ወር አለፈ። ትክክል ትሁን ትሳሳት አታውቅም። የሚቀጥለውን ስትጽፍ ያንኑ ስህተት እየደገመች ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚከብዳት ኔትወርኩ ሳይሆን ዝምታው እንደሆነ ነገረችን። ሌሊት ወለል ላይ ቁጭ ብላ ለማን እንደምትጽፍ ግራ ይገባታል።

መልስ 14

የመልስ 1ዱ አባት ተመለሱ። ለአራብሳዋ እህት የማበረታቻ ቃል ጽፈው ወደ እኔ ዞሩ። በ2000 ካናዳ ውስጥ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር የተባሉ ተመራማሪዎች በኦንላይን ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት መገኘት ያስፈልጋል ማለታቸውን አነሱ። አንደኛው አብሮ ማሰብ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ለሰው መተዋወቅ፣ ሦስተኛው የመምህሩ መኖር። ይህች እህት ያጣችው ሦስተኛውን ነው አሉ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ትዝታ ሄዱ። የርቀት ትምህርት በሞጁል ብቻ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ አስተምረዋል። ሞጁሉ በካርቶን ይመጣል፣ ተማሪው ይወስዳል፣ ፈተና ላይ ይገናኛሉ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጥራት ጉድለት አግዶ፣ እገዳው በኋላ መላላቱን አስታወሱ። ፒዲኤፍ በቴሌግራም መላክ ያንኑ ካርቶን በስልክ መላክ እንደሆነ፣ እንድጠነቀቅ መከሩኝ።

መልስ 15 እና 16

ስለ ኩረጃ ነው። መልስ 15 በጣም መራራ ነበር። አሳይመንት የሚሠራው ተማሪው ሳይሆን ወይ ጓደኛው ወይ የሠው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ እንደሆነ፣ ኦንላይን ግሬድ ወረቀት ማባከን እንደሆነ፣ እኔም ይህን እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ ከሰሰኝ። መልስ 16 በእርጋታ መፍትሔ አመጣች። ለእያንዳንዱ ተማሪ 5 ደቂቃ በስልክ ደውሎ ስለጻፈው ነገር መጠየቅ ይቻላል። 31 ተማሪ በ5 ደቂቃ 155 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ሰዓት አይሞላም። የአንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ማለት ነው። የራሱን ሥራ የሠራ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ይህን ወዲያው ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

መልስ 17 እና 18

አንዱ ስለ ማቋረጥ አነሳ። በ2011 ስታንፎርድ ላይ ሴባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ የከፈቱትን የሠው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ ጠቀሰ። 160 ሺህ ሰው ተመዝግቦ የጨረሱት ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ኦንላይን ትምህርት እንደማይሠራ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ አለ። መልስ 18 ያንኑ ቁጥር ገልብጦ አየው። አንድ መምህር ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ 20 ሺህ ተማሪ አያስመርቅም። እነዚህ በአንድ ኮርስ ብቻ ጨርሰዋል።

ሁለቱም ቁጥሩን በትክክል ይዘዋል። ለእኔ ተማሪዎች ግን ሁለቱም አይበቁም። እነዚያን ነፃ ኮርሶች የሚጨርሱት አብዛኞቹ ቀድሞም የተማሩ፣ ብቻቸውን መማር የለመዱ ሰዎች ናቸው። የእኔ 31 ተማሪዎች ከፍለው፣ ከሥራቸው ሰዓት ቀንሰው የመጡ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቢቀር በመቶኛ አላሰላውም። ስሙን አውቀዋለሁ።

መልስ 19

ስለ ስም ነው። ኦንላይን ማለት ትተን የበይነ መረብ ትምህርት እንድንል ጠየቀ። ከዚያ ቋንቋው ላይ ብዙ ቆየ። መጨረሻው ላይ ያነሳው ነገር ግን ፍሬ አለው። ንባቡ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ውይይቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን ነው የሚለው። ሰው በአፍ መፍቻው ሲናገር ያሰበውን ይናገራል። በገላንና በሰበታ በኩል ያሉ ተማሪዎቼን ሳስብ ልክ ነው አልኩ። ስሙን በተመለከተ ግን ተማሪዎቼ ሁሉ ኦንላይን ነው የሚሉት፣ እኔም በዚያው ቀጠልኩ።

መልስ 20

ይህ ወደ እኔ የተወረወረ ነው። ሰውየው ራሴ አንድም ኮርስ በኦንላይን ተምሬ ጨርሼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ካልሆነ ያልኖርኩበትን ቤት እያከራየሁ ነው አለ። ሳልበላ ስለ ጣዕሙ የምሰብክ ነኝ አለ። ሌላም ብዙ ነገር አለ፣ አልደግመውም።

አመመኝ። አንድ ሰዓት ያህል ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ እውነቱን ለራሴ ነገርኩ። ዙም ላይ ተሰብስቤ አውቃለሁ፣ ቪዲዮ አይቼ አውቃለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦንላይን የተማርኩት ኮርስ ግን የለም። ያን ማታ በአንድ ነፃ ኮርስ ተመዘገብኩ። ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ዋይፋይ የለም፣ ላፕቶፕ የለም፣ ስልኬና ዳታዬ ብቻ። በሁለተኛው ቀን ፈተና ላይ እያለሁ ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስ ሰዓቱ አልቆ ነበር። 10 ጥያቄ፣ የመለስኩት 4። ስክሪኑ ላይ ዜሮ ሊባል ጥቂት የቀረው ነጥብ ተጻፈ። ያወቅኩትን ነገር እንዳላወቅኩ ተቆጠረብኝ። ምን እንደተሰማኝ ለተማሪዎቼ በዝርዝር ነግሬያቸዋለሁ። በሰዓት የሚቆለፍ ፈተና ከእኔ ኮርስ ወጥቷል።

መልስ 21

ለእኔ ተከራክሮ መልስ 20ን ሰደበ። ወዳጅነቱን አመሰግናለሁ፣ ስድቡን ግን አልፈልገውም። ያ ሰው በሻካራ ቃል ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆኛል።

መልስ 22

ምን ወሰንሽ ብለው የጠየቁኝ የመልስ 1ዱ አባት ናቸው። ለእሳቸው የመለስኩትን እዚህም ላስፍር። ኮርሱ 16 ሳምንት ነው። መጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ በአካል እንገናኛለን፣ እንተዋወቃለን። ከዚያ ስምንት ሳምንት በድምፅና በጽሑፍ ብቻ፣ በቴሌግራም። ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው አምስት አምስት እየሆኑ ይደራጃሉ። የአራብሳዎቹ አንድ ላይ፣ የኮዬ ፈጬዎቹ አንድ ላይ፣ መረብ ቢጠፋ በእግር እንዲገናኙ። የትምህርቱ ሙሉ ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ አስቀድሞ ይሰጣቸዋል። ቀሪውን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ኮርስ ነድፎ ለእውነተኛ ተማሪ ይሰጣል። በወር 500 ሜጋ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ሊጨርሰው መቻሉን ያሳያል። ምዘናው በስልክ ጥሪ ነው። አንድ ሕግ ደግሞ ለራሴ ጨመርኩ፤ የገባ ሥራ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል። እሳቸው የመጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ጻፊው አሉኝ።

መልስ 23

አጭር ነው። ስሟን አልጻፈችም። ከ31ዱ አንዷ እንደሆነች፣ የመክፈቻውን ጽሑፍ ስታነብ ክፍሏን እንዳወቀች ገለጸች። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች፤ የአራብሳዋን ሴት መልስ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በብዙ ትህትና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በድምፅ ልካልኛለች። ደርሶኝ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

ቆጠርኩ። 9 ቀን ሆኖታል። ቴሌግራሜን ከፈትኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ የገቡ 7 ድምፆች ነበሩ፣ አንዱንም አልሰማሁም። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ማታ እዚህ ቁጭ ብዬ ለማላውቃቸው ሰዎች ስጽፍ ነበር። የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቅኩም።

ሁሉንም አንድ በአንድ አዳመጥኩ። አንደኛው የአራተኛ ክፍል የክፍልፋይ ትምህርት ነው። መምህርቷ ስታስተምር ዳቦ ስትቆርስ ይሰማል፣ ቅርፊቱ ሲሰበር። ግማሹን ለአንድ ልጅ ስትሰጥ ልጁ ያንሳል ብሎ ይከራከራታል፣ ሩቡ ሁለት ጊዜ ሲሆን ስንት እንደሚሆን አብራው ትቆጥራለች። ጋቢዬን ተከናነብኩና ለእሷ የ4 ደቂቃ መልስ ቀዳሁ። ከዚያ ለሌላው፣ ከዚያ ለቀጣዩ። ሰባተኛውን መልስ የላክኩት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነበር። አንደኛዋ ወዲያው አዳመጠችው፣ የንባብ ምልክቱ ሁለት ሆኖ ታየኝ።